በዮርዳኖስ ገደል የቋጠርኩት ቋጠሮ

ባለፈው ሳምንት ከቂርያት ማላኪ ወደ ገደራ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ቀይ መብራት ላይ አንዲት ነጭ መኪና አጠገባችን መጥታ ቆመች። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ካያኮች ተጭነዋል፤ አንዱ ቀይ አንዱ ቢጫ፣ አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለ፣ ሰው እንደ ሱሪ እስከ ወገቡ የሚገባባቸው ትንንሽ ጀልባዎች። እኔ መነጽሬን ስወለውል ስለነበር ልብ አላልኩም። ባለቤቴ ትርንጎ ናት በክርኗ ጎኔን ጎሸም ያደረገችኝ። «አየህ?» አለችኝ። «አየሁ» አልኳት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና መኪናዋ ጥላን ሄደች። ነገርን ነገር ያነሳዋል ይላሉ። እኔን ያን ቀን ያነሳኝ ነገር ከአውቶቡሱ ወንበር አንስቶ እዚያ የዮርዳኖስ ገደል ውስጥ ነው የጣለኝ፤ ከዚያ ለመውጣት ደግሞ ይህን ሁሉ ማውራት ሊኖርብኝ ነው።

ዘመኑን በዓመት ቁጥር አትጠይቁኝ፤ ከአንድ በላይ አቆጣጠር ባለበት አገር ኖሬ አንዱንም በወጉ አልያዝኩም። በምን እንደማስታውሰው ልንገራችሁ። ስልክ እንደ ጡብ የሚከብድበት፣ ያለው ሰው ቀበቶው ላይ ሰክቶ የሚንጎራደድበት ጊዜ ነበር። ሙሉ ፈላፈል በአሥር ሰቅል፣ ግማሹ በአምስት ነው፤ ሻጩ ከወደደህ ደግሞ ቃሪያውን ያለ ልክ ይጨምርልሃል። እኛ ሰፈር፣ ፎቆቹ መሀል ካለው የገበያ አደባባይ ጥግ፣ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር። አዲስ ካሴት ከአዲስ አበባ መጣ ሲባል አንድ ሰው ይገዛና አምስት ቤት ይገለብጠዋል፤ አምስተኛው ቤት ሲደርስ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የማሲንቆ ከሆነማ እሑድ ከአንድ መስኮት ይጀምርና እስከ ሐሙስ ሰፈሩን ያዳርሳል። ወንዶቹ ከፋብሪካ የተሰጠንን ሰማያዊ ሱሪ ከሰንበት ሸሚዝ ጋር እየለበስን ያማረብን ይመስለን ነበር። ሴቶቹ ከሐበሻ ቀሚሳቸው ሥር ከገበያ የተገዛ የስፖርት ጫማ ያደርጋሉ፣ ወገባቸው ላይ ግን መቀነት አይቀርም። የትርንጎን መቀነት እናቷ ናቸው የፈተሉት። ስምንት ክንድ ይሆናል፣ ጫፉ ቀይና አረንጓዴ ጥለት አለው፤ ሱዳንን አቋርጦ ከእሷ ጋር የመጣ ንብረት እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ቀዳዳ ሱሪ ከፍለው ይገዛሉ፤ እኔ አልናገርም፣ የኛም አለባበስ ለሌላው ምን ይመስል እንደነበር ማን ያውቃል።

የምሠራው ቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ የፍራፍሬ ሳጥን የሚያወጣ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የጋለው ፕላስቲክ ሽታ ፀጉር ውስጥ ገብቶ በሻምፖ አይወጣም፤ ትርንጎ «ሳጥን አግብቼ ቀረሁ» ትለኝ ነበር። ፋብሪካው በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛውን ከነሚስቱ፣ ከነባሏ ለመዝናኛ ይወስዳል፤ ዮም ኬፍ ይባላል፣ የደስታ ቀን። ሌላ ጊዜ ደስታው ባሕር ዳር ሥጋ መጥበስ ነበር። ያን ዓመት ግን አለቃችን ሽሙኤል በምሳ ሰዓት ወንበር ላይ ወጥቶ «በዚህ ዓመት ካያክ ነው። ወደ ላይኛው ዮርዳኖስ፣ ገደሉ ውስጥ። ያላ፣ ማን ወንድ ነው?» አለ። ካያክ ምን እንደሆነ የማውቅ አስመስዬ እጄን አነሣሁ። ያቭነ የሚኖረው ጓደኛዬ ፈረደ፣ ማሽኑ ከማሽኔ አጠገብ የነበረው ቀልደኛ፣ እኔ ሳነሣ አይቶ አነሣ። ኋላ ነው ስንጠያየቅ ሁለታችንም አለማወቃችን የታወቀው።

ቤት ገብቼ ለትርንጎ ስነግራት አትሄድም ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ከውሃ ጋር ፀብ አላት፤ ገንዳ ውስጥ እንኳ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አትገባም። «ዮርዳኖስ?» አለች ድስቱን እያማሰለች። «ራሱ ዮርዳኖስ?» ራሱ ነው አልኳት። ማማሰሉን ተወችው። በልጅነቷ፣ መንደራቸው ውስጥ ቄሱ የካህናቱ እግር ሲነካው ቀጥ ብሎ ስለቆመው ወንዝ ሲያነቡ እናቷ ጉያ ተቀምጣ ሰምታለች። እናቷ «እሱን ወንዝ ባየሁና በሞትኩ» እያሉ ኖረው ሳያዩት ነው መንገድ ላይ የቀሩት። «እሄዳለሁ» አለችኝ ትርንጎ። «ለእማዬም ጭምር አየዋለሁ።» እንግዲህ ነገሩ ለእኔ የአንድ ቀን ሽርሽር፣ ለእሷ ግን የአደራ ጉዳይ ነበር።

እኔ በበኩሌ ወንዝ አያስፈራኝም። ጉራ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ጉራ ነው። እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳለን ሰፈራችንን ከወንዝ አናርቅም ነበር፤ ለመንጻት የሚወርድ ውሃ ግድ ነውና ሁሉም ሰው ወንዝ ያውቃል። እኔ ደግሞ የአጎቴ የአለማየሁ ልጅ ተብዬ ነው ያደግሁት። አጎቴ ዋናተኛ ነበሩ፣ ክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገደኛ የሚያሻግሩ። ወንዝ ሲሞላ ማዶ ያለ ዘመድ የሚጠየቀው በጩኸት ነው፤ ሰርግም ለቅሶም ማዶ ይቆማል። የግድ መሻገር ያለበት ሰው ሲመጣ አጎቴ የበሬ ቆዳ ውስጥ ገለባ ጠቅጥቀው ያንሳፍፋሉ፣ ሰውየውን በደረቱ ያስተኙበታል፣ ከዚያም በጠፍር ጥፍር አድርገው ያስሩታል። «ዋና የማያውቅ ሰው ሲደነግጥ ዋናተኛውን አንቆ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ እሰረው፣ ዓይኑንም ጨፍን በለው» ይሉ ነበር። ያሰሩት ሰው ተፈትቶ አያውቅም። ከሳቸው የተማርኩት ቋጠሮ በውሃ ሲርስ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ወደ ሱዳን ስንሄድ፣ መንገድ ላይ አንድ ወንዝ ሞልቶ ሲጠብቀን፣ በዚያ ቋጠሮ ነው ስንቱን ያሻገርኩት። ትርንጎ ያኔ ሙሽራዬ ነበረች። ቆዳው ላይ አስተኝቼ አሰርኳት፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እስክነግርሽ እንዳትገልጪ» አልኳት። ማዶ ደርሰን ፈትቻት እንኳ ብዙ ቆይታ ነው የገለጠችው።

የዮም ኬፉ ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ከቂርያት ማላኪ እኛን ጫነ፣ ገደራ ቆሞ የጥገና ክፍሎቹን ሩሲያውያን ወሰደ፣ ያቭነ ላይ ፈረደን አነሣ። ፈረደ ለወንዝ ብሎ አዲስ ነጭ የስፖርት ጫማ ገዝቶ መጣ፤ ሲወርድ ሲወጣ ጭቃ እንዳይነካው በጣቱ ነበር የሚራመደው። ሾፌሩ አንድ የኛን ካሴት ከፈተልን፣ አንድ የሩሲያውያኑን፣ አንድ የሽሙኤልን የሞሮኮ ዘፈን። ትርንጎ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ መቀነቷን ታጥቃ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ መንገዱን ስታይ ሄደች።

የደረስንበትን ቦታ እንዴት ልንገራችሁ። እኔ ዮርዳኖስን በሥዕል የማውቀው ለስ ያለ፣ ዛፍ የሚጠጣው ረጋ ያለ ወንዝ አድርጌ ነበር። ይሄ ሌላ ነው። ግራና ቀኙ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ገደል ለገደል ተፋጦ፣ በስንጥቁ መሀል ውሃው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ይፈላል። የኛ አገር ጎርፍ ቀይ ነው፣ አፈር ተሸክሞ ይመጣል። እንዲህ እንደ ወተት የነጣ የሞላ ወንዝ አይቼ አላውቅም። በክረምቱ የወረደው በረዶ ቀልጦ ነው አሉን። ድምፁ ደረት ውስጥ ገብቶ ይመታል፤ አጠገብህ ያለውን ሰው ለማናገር ጆሮው ውስጥ መጮህ አለብህ። ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ፣ ያ ሁሉ ሁከት የማይመለከተው፣ ሮዝ አበባ የያዘ ቁጥቋጦ ቆሟል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰው እንዲህ ወዳለው ውሃ ተገዶ እንጂ ለደስታ ይገባል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ይበልጥ የገረመችኝ ግን ልጅቱ ናት። ኖዓ ትባላለች፣ ከሠራዊት ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ቀጭን ልጅ። እኛ ስድስት ስድስት ሰው በሚይዙ በአየር የተነፉ ጀልባዎች፣ ከኋላ የሚቀዝፍ መሪ ተሰጥቶን ነው የምንወርደው፤ እሷ ደግሞ በቀይ ካያክ ብቻዋን ከፊት እየሄደች መንገዱን ታያለች፣ የወደቀ ታወጣለች። ከመግባቷ በፊት አንድ ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብላ ውሃውን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አንድ ደረቅ እንጨት ወረወረች፣ በየት በኩል እንደሚሄድ በዓይኗ ተከተለች። አጎቴ አለማየሁ ልክ እንዲህ ያደርጉ ነበር። ከማን ተማረችው? ደግሞ ገብታ፣ ፏፏቴው ሥር ካያኳ ተገልብጦ ሆዱ ወደ ላይ ሲሆን «ሞተች» ብዬ ስነሣ፣ በመቅዘፊያዋ ውሃውን መታ አድርጋ ተመልሳ ቀና አለች፣ ፀጉሯን ከፊቷ ጠረገችና ሳቀች። እኔ ዋናተኛ ነኝ የምለው ሰውዬ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

መንሳፈፊያ ሰደርያ አለበሱን፣ የራስ ቁር ደፉልን። ኖዓ ሁላችንንም ሰብስባ በረዥሙ አስረዳች፤ ስትጨርስ ጣቷን አነሣች። «ከሁሉም በላይ ይሄን ስሙኝ። ምንም ነገር አይታሰርም። ቦርሳ ከጀልባው ጋር አይታሰርም፣ የካሜራ ገመድ አንገት ላይ አይቀርም። ጀልባ ቢገለበጥ ሰው ነጻ መሆን አለበት። ቤሰደር?» ሁላችንም «ቤሰደር» አልን፣ እሺ እንደማለት። ዕብራይስጤ የማታ ትምህርት ቤት ዕብራይስጥ ቢሆንም ይሄን አልሳትኩትም። ይህን የምናገረው ኋላ አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመካኝ ነው።

ትርንጎ ወደ ውሃው ቀረብ ብላ አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። «ታከለ» አለችኝ፣ «ቆመ ያሉት ወንዝ ይሄ ነው?»

«ያን ጊዜ ለኢያሱ ቆሞ የዋለበትን ነው ዛሬ በሩጫ የሚያካክሰው» አላት ፈረደ።

እሷ አልሳቀችም። እጄን ይዛ ከሰዎቹ ፈቀቅ አደረገችኝ። «ካላሰርከኝ አልገባም።»

«ልጅቱ አይታሰርም አለች እኮ።»

«ልጅቱ ሱዳን አላሻገረችኝም። አንተ ነህ ያሻገርከኝ። እሰረኝ።»

እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ ልቁም። እምቢ ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ያ ንግግሯ እንዴት እንዳኮራኝ አትጠይቁኝ። ፋብሪካው ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ «እንዲህ አይደለም፣ እንደገና» የምባል ሰውዬ፣ አንድ የማውቀው ነገር ተገኘልኝ። ይቺ የትናንት ልጅ ለእኔ ወንዝ ታስተምረኝ? አልኩ በሆዴ። ትርንጎ ሰደርያዋን ከፍ አደረገች፤ መቀነቷን ወገቧ ላይ ዞሮ እንዲጠብቅ አድርጌ ጫፉን በጀርባዋ በኩል አወጣሁ። ጀልባው ውስጥ ስንቀመጥ መሪያችን፣ ጢማሙ ልጅ፣ ወደ ሌላ ሲያይ ጠብቄ በጠርዙ ዙሪያ ካለው ገመድ ጋር ቋጠርኩት። በአጎቴ ቋጠሮ። ከላይ ሰደርያው ሸፈነው። ትርንጎ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ወረድን። የመጀመሪያውን ፏፏቴ ስናልፍ ጀልባችን እንደ ሊጥ ታጠፈችና ተዘረጋች፤ ውሃው ከፊታችን እንደ ግድግዳ ቆሞ በላያችን ላይ ፈረሰ። ፈረደ ጫማውን ረስቶ ጮኸ፣ ሩሲያውያኑ ዘፈኑ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ወንዝ ጠላቴ ነበር፤ በደህና ያሳለፈኝ ቀን የማመሰግነው፣ የማላምነው ጠላት። እዚህ ግን ጀርባው ላይ ተቀምጬ ነበር። ውሃው ድንጋይ ሲመታ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ የት ጋ ተጠምዝዞ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ኖዓ በካያኳ ሄዳ ታሳየን ነበር፤ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ጸጥ ያለች ትንሽ ኩሬ አለች፣ እዚያ ገብታ ቆማ፣ ይሄ ሁሉ ነጭ ውሃ በግራ በቀኟ እየተወረወረ፣ እሷ መቅዘፊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ትጠብቀናለች። ሰማዩ በገደሉ መሀል እንደ ጨርቅ ቁራጭ ሆኖ ይታያል። «ፈጣሪዬ ይሄን ሁሉ ሠርተህ እኛን ሳጥን ስታሠራን» አልኩ፤ እውነቴን ነው ያልኩት። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው የተባለውን የረሳሁት እንደዚያ ስል ነው።

ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ፏፏቴ ላይ ጀልባችን ጎኗን ለድንጋይ ሰጠች። መሪው «ወደ ላይ፣ ወደ ድንጋዩ» ብሎ ጮኸ። ማን ሰምቶ። ቀስ ብላ ተነሣች፣ ተነሣች፣ ገለበጠችን። ውሃው ከላይ እስከ ታች አናወጠኝ። ብቅ ስል እጄ የጠርዙን ገመድ ይዟል፤ ዙሪያዬን አየሁ። ፈረደ እዚያ ማዶ ይንሳፈፋል፣ አንዱ ሩሲያዊ፣ ሌላው፣ ጢማሙ መሪ። ትርንጎ የለችም። የት እንዳለች ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ወደ ተገለበጠው ጀልባ ሥር ገባሁ። ጨለማ ነው፤ በጀልባውና በውሃው መሀል አንድ ስንዝር የምትሆን አየር አለች፣ ትርንጎ አፍንጫዋን እዚያ ሰክታ ትተነፍሳለች፣ ማዕበል በመጣ ቁጥር ይሸፍናታል። «ታከለ፣ ፍታኝ» አለችኝ። ወደ ጀርባዋ እጄን ሰደድኩ። ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሬ ብሞክር፣ በጥርሴ ብሞክር ወይ ፍንክች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን የሞኝ ቋጠሮም እንደማይለቅ አየሁ። ስንቱን ሰው በሕይወት ያሻገርኩበት ቋጠሮ በእጄ ሚስቴን ሊገድልብኝ ነበር።

አየር ሳጣ ወጣሁ። ኖዓ ከዚያ ከማይታመን ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ቀዝፋ፣ አጠገቤ ደርሳለች። «ቅሹራ! ታስራለች!» አልኳት፣ በሁለቱም ቋንቋ። ፊቷ ተለዋወጠ። «የት ጋ?» አለችኝ። «ከኋላ፣ ሰደርያው ሥር፣ ወገቧ ላይ።» አንድ አፍታ ዓይኔን አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከደረቷ ላይ አጭር ቢላ መዘዘችና በእጄ አስጨበጠችኝ፤ እሷ የካያኳን አፍንጫ ከጀልባችን ጎን ሰክታ፣ መቅዘፊያዋን እስኪለመጥ እየገፋች፣ ጀልባውን ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ወዳለው ጸጥታ አስገብታ ያዘችው። ያን ሁሉ ውሃ በሁለት ቀጫጭን ክንዷ። እንደገና ገባሁ። ትርንጎ አልተናገረችም። መቀነቱን አገኘሁት፣ ቢላውን ከሥሩ አስገብቼ ወደ እኔ ሳብኩ፤ የእናቷ ፈትል አንድ ጊዜ ተቃወመኝ፣ ከዚያ ለቀቀ።

ዳር አወጣናት። ሳለች፣ ውሃ ተፋች፣ እንደገና ሳለች፣ ተነፈሰች። የሌሎቹ ጀልባዎች ሰዎች ደርሰው ከበቡን፤ ሽሙኤልም፣ ፋብሪካው በሙሉ። ጢማሙ መሪ ከገመዱ ላይ የቀረውን የመቀነት ቁራጭ ብድግ አደረገው። «ይሄን ያሰረው ማን ነው?» አለ። አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው፣ ዕብራይስጡ እንኳ ከባድ አይደለም፣ «አኒ» ብቻ፣ እኔ ማለት ነው። ሽሙኤል ያየኛል፣ ፈረደ ያየኛል። ከምላሴ ጫፍ አልወጣም።

ትርንጎ በተቀመጠችበት ደረቷን በመዳፏ መታች። «አኒ» አለች።

ሽሙኤል ራሱን ነቀነቀ፣ አንዱ «ምስኪን፣ ፈርታ ነው» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ኖዓ ቢላዋን ከእጄ ወሰደች፣ በሱሪዋ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰች። ታውቅ ነበር። ቋጠሮው የት እንዳለ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ግን ምንም አላለችም።

ከዚያ ገደል የሚያስወጣ መንገድ አልነበረም፤ መውጫው ያው ወንዙ ነው። ትርንጎ ከእንግዲህ አትነሣም፣ ሄሊኮፕተር ሊያስጠሩ ነው ብዬ ስፈራ፣ ቀድማ ተነሥታ ጀልባው ውስጥ ገባች። አጠገቧ ስቀመጥ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያን ጊዜ ዓይንሽን ጨፍኚ አልከኝ፣ ወንዙን ሳላየው ተሻገርኩ» አለችኝ። «እማዬን ምን ብዬ ልነግራት ነው? አሁን አየዋለሁ። አንተ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ።» የቀረውን መንገድ ሁሉ ዓይኗን ገልጣ ወረደች። ፏፏቴው ሲመጣ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ተቀበለችው። ነጩ ውሃ ፊቷን ሲመታት፣ ስታፈገፍግ ሳይሆን እንደ ሰላምታ ስትቀበለው አየሁ። አንድ ቦታ ላይ ጮኸች፣ ጩኸቱ መሀል ላይ ሳቅ ሆነ። እኔ ከዚያ በኋላ ወንዙን አላየሁም፤ እሷን ነበር የማየው። ገደሉ አልቆ ውሃው ሲረጋ፣ ለመሪው በእጇ አቁም አለችው፣ ከነቀሚሷ ወረደች፣ በራሷ ላይ ውሃ እስኪዘጋ ድረስ አንድ ጊዜ ጠለቀች። ስትወጣ ያለችውን አልሰማሁም፤ ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቂርያት ማላኪ ደረሰ። «ራሷን ከጀልባ ጋር ያሰረችው ትርንጎ» ተባለች። ፈረደ ያቭነ በልጁ ሰርግ ላይ ማይክራፎን ይዞ አወራው፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ልጆቻችን፣ በኋላም የልጅ ልጆቻችን አደጉበት፤ መኪና ውስጥ ቀበቶ ሲያስሩ «ሳብታ፣ ዛሬስ ታስረሻል?» ይሏታል። ሳብታ አያት ማለት ነው። እሷ ትስቃለች። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ ለሴቶች ብቻ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ ሄዳ ከሕፃናት ጋር ዋና ተማረች፤ ዛሬ ከእኔ ትበልጣለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለዚያ «አኒ» አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር። በተጣላን ቁጥር፣ አሁን ልትለው ነው ብዬ እጠብቃለሁ፤ አትልም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት፣ ከዚያ አውቶቡስ ወርደን ገደራ ልጃችን አበባ ቤት ገባን። የልጇ የሺራ እጮኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰብ ጋር የሚተዋወቅበት ቀን ነበር። ሺራ ወታደር ናት፣ አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ ገና ሰሐኑ ሳይነሣ በዕብራይስጥ ጀመረችለት። «የኔን ሳብታ ታሪክ ሰምተሃል? ካያክ ላይ ራሷን አሰረች!» ልጁ ሳቀ። ሁሉም ሳቀ። ትርንጎ ብርቱካን እየላጠች ፈገግ አለች።

«እሷ አይደለችም» አልኩ። ሁሉም እንዲሰማ በዕብራይስጥ ነው ያልኩት። «ያሰርኳት እኔ ነኝ። አታድርግ ተብዬ፣ ገብቶኝ፣ በገዛ እጄ አሰርኳት። ማን ነው ሲባል ዝም አልኩ።»

ከዚያ ሺራ ተነሥታ መጣችና ራሴን ሳመችኝ። «እንዴት ደስ ይላል» አለች ወደ እጮኛዋ ዞራ፣ «አየኸው? እንዳይሳቅባት ብሎ ጥፋቷን ለራሱ ወሰደላት። አንተም እንደዚህ ነው መሆን ያለብህ።» እውነቴን ነው አልኳቸው። በምምለው ልማል አልኳቸው። ይበልጥ ወደዱኝ። አበባ ዓይኗን ጠረገች። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የተባለው ለካ ለዚህ ኖሯል፤ የደረቀ እውነት ማንም አያምነውም።

ትርንጎ ብርቱካኑን ልጣ ጨረሰች፣ ከፋፍላ ለሁሉም አደለች።

ስንመለስ አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከገደራ ከወጣን በኋላ፣ «አላመኑኝም እኮ» አልኳት።

«ትናገራለህ ብዬ ብዙ ጠብቄ፣ ኋላ ትቼው ነበር» አለችኝ። እጇን አንስታ እጄ ላይ አደረገች። «እነሱ ደግሞ ምን ቤት ናቸው? እኔ ሰምቼሃለሁ።»